ሜሪ ፒክፎርድን ከፊልም ያስወጣት ድምፅ ነው? ውሏን፣ መብራቷንና ኔጋቲቮቿን እንይ

ነጭ መጋረጃ፦

የድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ተዋንያን በተነሱ ቁጥር «ድምፅ ሲመጣ አበቃላቸው» ተብሎ ወሬው ይዘጋል። የሌሎቹ ለየብቻ የሚታይ ነው፤ የሜሪ ፒክፎርድ ግን እንደዚያ አይደለም ባይ ነኝ። የሥራ ዘመኗን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ፣ የምታውቁትን ጨምሩበት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1892 ቶሮንቶ፣ ካናዳ ውስጥ ስትወለድ ስሟ ግላዲስ ስሚዝ ነበር። አባቷ በ1898 ሞተ። እናቷ ሻርሎት ሦስት ልጆች ይዛ ቀረች፤ የመጀመሪያዋ ልጅም ጥርሷን ነቅላ ሳትጨርስ መድረክ ላይ ወጥታ የቤቱን ወጪ ትሸፍን ጀመር። ከከተማ ከተማ ከሚዞሩ የቲያትር ቡድኖች ጋር ስትንከራተት ቆይታ በ1907 ብሮድዌይ (የኒውዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ያሉበት ሰፈር) ገባች። ሜሪ ፒክፎርድ የሚለውን ስም የያዘችውም ያኔ፣ በቲያትር አዘጋጁ በዴቪድ ቤላስኮ ዘንድ ነው። በኤፕሪል 1909 ኒውዮርክ 14ኛ መንገድ ላይ ወደነበረው ባዮግራፍ የፊልም ኩባንያ ሄዳ ዳይሬክተሩ ዲ. ደብሊው. ግሪፊዝ ፊት ቀረበች። የተለመደው ክፍያ በቀን 5 ዶላር ነበር። እሷ 10 ጠየቀች፤ 10 ተከፈላት።

በዚያው በ1909 ብቻ 51 ፊልሞች ላይ ታየች። ርዝመታቸው አንድ ሪል (አንድ የፊልም ጥቅል) ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ በጥቂት ቀናት ተቀርጸው ያልቃሉ። ባዮግራፍ የተዋናይ ስም አያወጣም ነበር፤ ስም የወጣ ተዋናይ ደመወዝ ይጨመርልኝ ማለቱ አይቀርምና። ሕዝቡ ስሟን ሳያውቅ በወርቃማ ጥቅልል ፀጉሯ ለይቶ ያውቃት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው መሰላል ይኸው። በ1910 መጨረሻ የካርል ለምሊ ኩባንያ በሳምንት 175 ዶላር ሰጥቶ ወሰዳት፣ በ1911 ኩባ ድረስ ሄዳ ቀረጸች። በ1912 ወደ ባዮግራፍ ተመለሰች። በ1913 ከፊልም አምራቹ ከአዶልፍ ዙከር ጋር በሳምንት 500 ዶላር ተዋዋለች። በ1914 «ቴስ ኦቭ ዘ ስቶርም ካንትሪ» ሲወጣ አገር ምድሩ አወቃት። በ1915 በሳምንት 2,000 ዶላርና ከትርፉ ግማሽ ሆነላት። በጁን 1916 በሳምንት 10,000 ዶላር፣ ወይም ከፊልሞቿ ትርፍ ግማሹ፣ ከሁለቱ የበለጠው። የሁለት ዓመቱ ዝቅተኛ ዋስትና 1,040,000 ዶላር ነበር። በሚሊዮን የተዋዋለች የመጀመሪያዋ ተዋናይት እሷ ናት።

የዚህች ሴት መሄጃ የድምፅ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። ዕድሜዋ ሲገፋ ገበያው ከልጅነት ሚና እንድትወጣ አለመፈለጉ ይበልጥ ይመዝናል። የራሷ አሠራርም ፊልሞቿን በዓመት አንድ ብቻ አደረጋቸው። ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

የውል ገጽ፦

ጋሼ፣ ደመወዙን በደንብ አስቀምጠውታል። እኔ ከደመወዙ ጀርባ ያለውን ልጨምር፤ ለእኔ የሥራ ዘመኗ ቁልፍ እዚያ ነው ያለው።

በዚያን ጊዜ ፊልም ለሲኒማ ቤት የሚሸጠው በጥቅል ነበር። ባለ ሲኒማው የፒክፎርድን ፊልም ከፈለገ ከሷ ጋር ሌሎች የማይፈልጋቸውን ፊልሞችም አብሮ መከራየት ነበረበት። ጉዳቱ የሚደርሰው ተዋናይዋ ላይ ነው። ባለ ሲኒማው ለጥቅሉ አንድ ዋጋ ስለሚከፍል የሷ ፊልም ብቻውን ስንት እንዳመጣ በሒሳብ መዝገብ ላይ አይለይም፤ ትርፉ ካልተለየ ደግሞ «ከትርፉ ግማሽ» የሚለው የውል አንቀጽ ባዶ ቃል ይሆናል። የ1916ቱ ውል ዋና ነገር 10,000ው አይደለም። ፊልሞቿ አርትክራፍት በሚባል በተለየ መለያ ለብቻቸው እንዲሸጡ መደረጉ ነው። ሲለዩ ገቢያቸው ታየ፤ ገቢያቸው ሲታይ ቀጣዩን ድርድር ያደረገችው ቁጥሩን በእጇ ይዛ ነው።

በ1918 ፈርስት ናሽናል የተባለው የፊልም ኩባንያ ለሦስት ፊልም 675,000 ዶላርና ከትርፉ ግማሽ ሰጣት። እዚያ ላይ ግን ብዙም አልቆየችም። በፌብሩዋሪ 1919 ከቻርሊ ቻፕሊን፣ ከዳግላስ ፌርባንክስና ከግሪፊዝ ጋር ሆነው ዩናይትድ አርቲስትስን መሠረቱ። አራቱ እያንዳንዳቸው ከተራው አክሲዮን 20 በመቶ ያዙ፤ ቀሪው 20 በመቶ ለጠበቃውና ለቀድሞው የግምጃ ቤት ሚኒስትር ለዊሊያም ማካዱ ሆነ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዩናይትድ አርቲስትስ አከፋፋይ እንጂ ስቱዲዮ አልነበረም። ፊልም የሚሠራበትን ገንዘብ እያንዳንዱ ባለቤት ከራሱ ወይም ከባንክ ያመጣል፤ ከተሳካ ትርፉ የራሱ፣ ካልተሳካም ዕዳው የራሱ። ስለዚህ ፒክፎርድ በ1920ዎቹ ተዋናይት ብቻ አልነበረችም። ስክሪፕት ትመርጣለች፣ ዳይሬክተር ትቀጥራለች፣ ወጪ ትቆጣጠራለች፣ የማስታወቂያውን ሥራ ታያለች። በዓመት 51 ፊልም ስትሠራ የነበረችው ሴት ከ1922 እስከ 1927 በዓመት አንድ አንድ ብቻ አወጣች፦ ቴስን እንደገና፣ «ሮዚታ»፣ «ዶሮቲ ቨርነን ኦቭ ሃደን ሆል»፣ «ሊትል አኒ ሩኒ»፣ «ስፓሮውስ»፣ «ማይ ቤስት ገርል»። በ1928 ምንም የለም። በዓመት አንድ ፊልም የሚያወጣ ሰው አንዱ ከከሸፈበት ዓመቱ ሙሉ ከሸፈበት ማለት ነው፤ አዲስ ነገር ለመሞከር ያለው ድፍረትም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

አዲስ ገቢ፦

ከልብ አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። አንድ ጥያቄ አለኝ። «ሊትል አኒ ሩኒ» ሲወጣ 33 ዓመቷ ነበር፤ የምትጫወተው ግን የ12 ዓመት ልጅ ነው። ያኔ ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። ተመልካቹ እንዴት ተቀበለው? ሜካፕ ብቻ ነው?

ብርሃንና ጥላ፦

ሜካፕ ትንሹ ነው። ዋናው ልኬት ነው፣ ቀጥሎ መብራት፣ ቀጥሎ የሰውነት አያያዝ።

ቁመቷ 1 ሜትር ከ55 አይሞላም ነበር፤ ይህ መነሻውን ቀለል አደረገላት። በ1917 ሞሪስ ቱርነር «ዘ ፑር ሊትል ሪች ገርል»ን ሲሠራ ልጅ ለማስመሰል የተሄደበትን መንገድ ልብ ብለሽ (ወይም ብለህ) ተመልከቺ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይነካም፤ በሩ ከተለመደው ከፍ፣ ዕቃው ሁሉ ገዘፍ ብሎ ነው የተሠራው። አጠገቧ የሚቆሙት ተዋንያን ረጃጅሞች ናቸው። እዚህ ላይ ስህተት የሚፈጠረው ልኬቱ ወጥ ሳይሆን ሲቀር ነው። ወንበሩ ገዝፎ ጠረጴዛው ላይ ያለው ኩባያ ተራ ከሆነ ዓይን ወዲያው ይነቃል፤ እጇ ኩባያውን ስትይዝ የአዋቂ እጅ መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ በእጅ የሚነካው ዕቃም አብሮ መገዘፍ አለበት።

መብራቱን ለመረዳት የፊልሙን ጥሬ ዕቃ ማወቅ ያስፈልጋል። እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ የሚሠራበት ኦርቶክሮማቲክ የሚባል ፊልም ቀይ ቀለም አያይም። ቀይ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊ ደግሞ ነጭ። የፊት ቅላት፣ ጠቃጠቆ፣ ብጉር ሁሉ ጠቁሮ ይታያል። ቀይ የከንፈር ቀለም ከተቀባች አፏ ጥቁር ቀዳዳ ይመስላል። ስለዚህ መላ ፊቷን በገረጣ ቅባት ትሸፍናለች፣ ላዩን ዱቄት ትነሰንሳለች፣ ለከንፈሯ ደብዘዝ ያለ ቀለም በጥቂቱ ትጠቀማለች። ቅባቱ ከወፈረ ፊት ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፤ በሙቅ መብራት ሥር ላብ ካወጣውም በቅርበት ቀረጻ ላይ ያብረቀርቃል።

ወርቃማ ፀጉርም በኦርቶክሮማቲክ ላይ ችግር ነው፤ ቢጫው ጠቁሮ ቡናማ ይመስላል። መፍትሔው ከኋላ ማብራት ነው። ጠንካራ የካርቦን መብራት ከጀርባዋ ከፍ ተደርጎ ይቆማል፣ ብርሃኑ በፀጉሩ ጫፍ እያለፈ ዳር ዳሩን ያነደዋል። ያ በፎቶዎቿ ሁሉ የምታዩት የብርሃን አክሊል የፀጉሯ ቀለም አይደለም፤ የመብራቱ አቀማመጥ ነው። ሲበላሽ ደግሞ እንዲህ ነው፦ መብራቱ ዝቅ ካለ በቀጥታ ወደ ሌንሱ ይገባና ምስሉን ነጭ ጉም ያለብሰዋል፤ ከፍ ካለ ግንባሯና አፍንጫዋ ላይ ያርፋል።

ከፊት ያለው መብራት ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ከላይ የሚመጣ ብርሃን ከዓይን ሥርና ከአፍንጫ ሥር ጥላ ይጥላል፤ ያ ጥላ ነው ዕድሜን የሚናገረው። ከፊት ለፊት ከአገጭ ትይዩ ለስለስ ያለ መብራት ሲጨመር ጥላው ይሞላል፣ ፊት ክብ ይሆናል። ፒክፎርድ ራሷ መስተዋት ላይ የመታ ብርሃን ፊቷን ልጅ እንዳስመሰለው አይታ ትንሽ መብራት ዝቅ ተደርጎ እንዲቆምላት እንደጠየቀች ተናግራለች። ከ1910ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አብሯት የሠራው የካሜራ ሰው ቻርልስ ሮሸር ይህን አሠራር ወደ ጥበብ አሳደገው።

የሰውነት አያያዙን የጻፈበት ሰው ጥቂት ነው። ልጅ ስትሆን ክብደቷን በአንድ እግሯ ላይ አትጥልም፤ ሁለቱን እግሮቿን ለያይታ ትቆማለች። አዋቂ ሲያናግራት አንገቷን ብቻ አታቀናም፤ ደረቷ አብሮ ይነሳል። በ1918 «ስቴላ ማሪስ» ላይ ሁለት ሰው ሆና ስትጫወት ልዩነቱን በዚህ ነው የሠራችው። ዩኒቲ ብሌክ የምትባለዋን ድሃ አገልጋይ ስትሆን ፀጉሯን በቫዝሊን ለጥፋ፣ አንድ ትከሻዋን ጣል አድርጋ፣ አገጯን ሰብስባ ትታያለች። ከሁለቱ ገጸ ባሕርያት አንዷን ብቻ ያየ ሰው ያቺው ተዋናይት መሆኗን ላይጠረጥር ይችላል። በእኔ አስተያየት ከፀጉሯ ጀርባ ያለችውን ተዋናይት ማየት የሚፈልግ ከዚህ ፊልም ይጀምር።

ሪል በሪል፦

እህቴ፣ «ስቴላ ማሪስ»ን ካነሳሽ በ1921 የወጣው «ሊትል ሎርድ ፎንትልሮይ» መቅረት የለበትም። እዚያ ልጁንም እናቱንም እሷ ናት የምትጫወተው፣ እናትና ልጅ ደግሞ ሲተቃቀፉ ይታያሉ። እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር ላስቀምጥ፤ ዛሬ በስልክ ከሚሠራው ጋር አንድ የሚመስለው ሰው አለና።

ሁሉም ነገር የሚያልቀው ካሜራው ውስጥ፣ በአንድ ኔጋቲቭ (ቅጂዎቹ በሚታተሙበት ዋናው ፊልም) ላይ ነው። መጀመሪያ ካሜራው ጨርሶ የማይነቃነቅ መቆሚያ ይሠራለታል፤ ሮሸር ከባድ የብረት መቆሚያ ተጠቅሞ በአሸዋ ከረጢት አስጨንቆታል። ተዋንያኑ የሚረግጡት ወለል ከካሜራው ወለል ቢለይ ይመረጣል፣ እርምጃ ጣውላውን ያንቀጠቅጣልና። ከዚያ ከሌንሱ ፊት ጥቁር መሸፈኛ ይገባል፤ የምስሉን ግማሽ ይጋርዳል። ልጁን በተከፈተው በኩል ትጫወታለች። ረዳቱ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፦ በዚህ ቁጥር ቀና አለ፣ በዚህ ቁጥር እጁን ዘረጋ፣ እየተባለ ይጻፋል። ሲያልቅ ሌንሱ ተከድኖ ፊልሙ መነሻው ላይ ምልክት ወደተደረገበት ፍሬም (አንድ ነጠላ ምስል) ወደ ኋላ ይጠቀለላል። እሷ ሄዳ ልብስና ሜካፕ ቀይራ እናት ሆና ትመለሳለች፤ መሸፈኛው ይገለበጣል፤ ያው ቆጠራ እንደገና ይጀምራል፤ በተባለው ቁጥር ላይ የሌለ ልጅ ትመልሳለች፣ ዓይኗም የልጁ ፊት በሚሆንበት ከፍታ ላይ በተደረገ ምልክት ላይ ያርፋል። ምልክቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ከተሳሳተ እናትየው የልጇን ግንባር አልፋ ግድግዳ ታያለች።

በእጅ እየተዘወረ የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ዙር 8 ፍሬም ነው የሚያሳልፈው። ሦስት ሰከንድ የሚሆን ምስል ስድስት ሰባት ዙር ነው፣ ከሃምሳ ፍሬም በላይ። ሁለተኛው ቀረጻ ከመጀመሪያው አንድ ፍሬም ቢዘገይ አይታወቅም፤ አራት አምስት ቢዘገይ እጅ እጅን ያልፋል።

የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው። ሁለቱ መሸፈኛዎች ከተደራረቡ መሀል ላይ ጥቁር መስመር ይቀራል፤ ክፍተት ከተዉ ደግሞ ያ ቦታ ሁለቴ ብርሃን ስለሚያገኝ ነጭ መስመር ይወጣል። የመሸፈኛው ጠርዝ ልስላሴ ከሌንሱ ባለው ርቀትና በሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ስለሚወሰን በሁለቱ ቀረጻ መሀል የሌንስ ቀዳዳ መቀየር ክልክል ነው። የካርቦን መብራት ሲነድ ካርቦኑ እያጠረ ብርሃኑ ይለዋወጣል፤ ሁለተኛው ግማሽ ደመቅ ወይም ፈዘዝ ብሎ ይወጣል። ፊልሙ በካሜራው ውስጥ በየፍሬሙ ትክክለኛ ቦታው ላይ ካልቆመም ሁለቱ ግማሾች ይወዛወዛሉ፤ ለዚህ ነው ፊልሙን በቋሚ ጥርስ የሚይዙት እንደ ቤል ኤንድ ሀዌል 2709 ያሉ ካሜራዎች የሚፈለጉት። ሁለቱም ወገን ተቀርጾ እስኪያልቅ ኔጋቲቩ አይታጠብም። ማረጋገጫው ጫፉ ላይ ትርፍ ጥቂት ፍሬም ቀርጾ፣ ያንን ቆርጦ በጨለማ ክፍል ቀይ መብራት ማየት ብቻ ነው (ኦርቶክሮማቲክ ቀይ አያይም የተባለው እዚህ ላይ ይጠቅማል)።

ልጁ እናቱን የሚስምበት ቀረጻ ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው፤ አሥራ አምስት ሰዓት ያህል ወስዷል። መለያው መስመር እዚያ ላይ ቀጥ ያለ መሆን ስለማይችል የፊቷን ቅርጽ ተከትሎ ተቆርጧል። እናትየዋ ከልጁ ረዘም ማለት ስላለባት በከፍተኛ ጫማና ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ነው የምትሄደው። በመራመጃዋ ላይ የምታዩት ዝግታ የእናትነት ክብር ብቻ አይደለም፤ ሚዛኗን እየጠበቀች ነው።

ነጭ መጋረጃ፦

እንዲህ ያለ መልስ ነው የፈለግሁት። እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ «ስፓሮውስ» አንድ ነገር ልጠይቅ። ከልጆቹ ጋር ረግረጉን በጣውላ ላይ ስትሻገር ከሥሯ አዞዎች አፋቸውን የሚከፍቱበት ትዕይንት አለ። ፒክፎርድ እውነተኛ አዞ ነበር ስትል፣ ከካሜራ ሰዎቹ አንዱ ሃል ሞር ደግሞ በድርብ ቀረጻ የተሠራ ነው ብሏል። እናንተ ወደየትኛው ታደላላችሁ?

ሪል በሪል፦

ወደ ሞር። ምክንያቴ የሥራው አሠራር ነው። ረግረጉ በስቱዲዮው ግቢ ውስጥ በሃሪ ኦሊቨር ንድፍ የተሠራ ነው፤ ካሜራ የሚቆምበትን ቦታ ከመጀመሪያው አስበው ነው የገነቡት። ፎንትልሮይን የሠራ ቡድን አዞን ለብቻው ቀርጾ ከታች ማስገባት አያቅተውም። ፊልሙን ስታዩ የአዞዎቹንና የጣውላውን ወሰን በዓይናችሁ ተከተሉ፤ አዞ ወሰኑን አልፎ የሰው እግር የሚጋርድበት ፍሬም ካገኛችሁ ጠቁሙኝ። አስተዋዋቂዎች «እውነተኛ ነው» ማለትን ይወዱ ነበር፤ ተዋናይዋም ታሪኩን መያዟ አይገርምም።

የዚያ ፊልም ትልቁ ነገር አዞው አይደለም። ሮሸርና ካርል ስትራስ አብረው የሠሩበት ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ናቸው ቀጥለው የዳይሬክተሩን የሙርናውን «ሰንራይዝ» ቀርጸው በካሜራ ሥራ የመጀመሪያውን ኦስካር የወሰዱት።

የውል ገጽ፦

ወደ መነሻው ጥያቄ ልመለስ። ጋሼ ድምፅ አይደለም ብለዋል፤ እኔ በከፊል ነው የምስማማው።

ገበያው ከልጅነት አላወጣትም የሚለው እርግጥ ነው። በ1923 ከጀርመን ዳይሬክተሩን ኤርንስት ሉቢችን አስመጥታ «ሮዚታ»ን ሠራች፤ የሉቢች የመጀመሪያው የአሜሪካ ፊልም ነው፤ እዚያ አዋቂ ሴት ናት። ፊልሙ ጥሩ ተቀባይነት ቢያገኝም እሷ አልወደደችውም። በ1925 በፎቶፕሌይ መጽሔት በኩል ምን ብጫወት ትወዳላችሁ ብላ አንባቢን ስታስጠይቅ የመጣው መልስ ሲንደሬላ፣ ሃይዲ፣ አሊስ የመሳሰለ ነበር፤ ሁሉም ልጆች። በዚያው ዓመት «ሊትል አኒ ሩኒ» ወጣ። ገንዘቡን ራሷ የምታወጣ ፕሮዲዩሰር ገበያው የነገራትን ብትሰማ አልፈርድባትም።

ግን በ1928 ያደረገችውን ተመልከቱ። እናቷ ሻርሎት በማርች ሞተች፤ ውሎቿን ሁሉ አብራት የተደራደረችው እሷ ነበረች። በጁን ኒውዮርክ ላይ ያንን ፀጉር አስቆረጠችው፤ ዜናው የጋዜጣ የፊት ገጽ ሆነ። በ1929 «ኮኬት»ን በድምፅ ሠራች። ፀጉር፣ ሚና፣ ድምፅ፣ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ነው የቀየረችው። ተመልካቹ የቱን እንደከለከላት ለይቶ ማወቅ የማይቻለው ለዚህ ነው። ድምፁን ነጥሎ ማውጣት ብንችል ኖሮ የእርስዎ ሐሳብ ቀላል በሆነ ነበር።

ነጭ መጋረጃ፦

ያነሳኸው ነጥብ ጥሩ ነው፤ «ኮኬት» ራሱ ግን ይመልስልኛል። ፊልሙ በገበያ አልወደቀም፤ በዚያ ሚናም በኤፕሪል 1930 ኦስካር ተሸለመች። ድምፅዋን የማይሰማ ሕዝብ ቢሆን ለማየት አይገባም ነበር። ውድቀቱ የመጣው ቀጥሎ ነው። ከባሏ ከፌርባንክስ ጋር የሠሩት የሼክስፒር ሥራ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። በ1930 ማርሻል ኒላን ዳይሬክተር ሆኖ የጀመሩትን ፊልም ብዙ ገንዘብ ከወጣበት በኋላ አስቁማ ኔጋቲቩን አስጠፋችው። በ1931 «ኪኪ» ከሰረ። በ1933 «ሲክሬትስ» የመጨረሻዋ ሆነ፤ በዚያ ዓመት 41 ሞላት። ከራሷ ኪስ የምትሠራ ሰው ሦስት ዓመት እንዲህ ካሳለፈች በኋላ ብታቆም የጉሮሮ ጉዳይ አይደለም።

ስለ «ኮኬት» አንድ የሥራ ነገር ልጨምር፤ ብርሃንና ጥላ በተሻለ ታብራራዋለች።

ብርሃንና ጥላ፦

«ኮኬት» በተሠራበት ዓመት የድምፅ ፊልም ሲቀረጽ የካሜራው ጩኸት ወደ ማይክሮፎን እንዳይገባ ካሜራና የካሜራ ሰው በታሸገ ሳጥን ቤት ውስጥ ይገባሉ። ድምፁ እንዳይቆራረጥ በአንድ ጊዜ በብዙ ካሜራ ይቀረጻል። ለብዙ ካሜራ አንድ ጊዜ ሲበራ ደግሞ ለአንዷ ተዋናይት ፊት ብቻ የተሰላ መብራት ማቆም አይቻልም፤ ሁሉንም አቅጣጫ የሚያሟላ ለጥ ያለ ብርሃን ነው የሚሆነው። የሚንጫጫው የካርቦን መብራት ወጥቶ ፀጥ ያለው አምፖል ገባ፤ ፊልሙም ቀይ የሚያየው ፓንክሮማቲክ ሆነ፤ ሜካፑ በሙሉ ተቀየረ። ሮሸር በአሥር ዓመት የገነባላት የመብራት አሠራር በአንድ ዓመት ውስጥ ፈረሰ። ስለዚህ ለክርክራችሁ ሦስተኛ መልስ አለኝ፦ ድምፅዋ አልጎዳትም፣ ድምፅ የተቀረጸበት መንገድ ግን ፊቷን ጎድቶታል። «ማይ ቤስት ገርል»ን እና «ኮኬት»ን አከታትሎ ያየ ሰው ልዩነቱን ለማስተዋል ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም፤ መሀላቸው ሁለት ዓመት እንኳን አይሞላም።

አዲስ ገቢ፦

አሁን ማየት አማረኝ። በኢንተርኔት የማገኘው ቅጂ ግን አንዱ ከሌላው ይለያያል። በአንዱ ሰው ሁሉ እየተጣደፈ ይሮጣል፣ በሌላው ምስሉ ጭቃ ይመስላል። የቱን ልመን? ፊልሞቿስ ሁሉም አሉ?

ሪል በሪል፦

ከብዙዎቹ ዘመነኞቿ በተሻለ ተርፈዋል፤ የራሷን ኔጋቲቮች እየገዛች ስለሰበሰበችና በ1940ዎቹ አጋማሽ የባዮግራፍ ሥራዎቿን ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ስለሰጠች። በአንድ ወቅት ሁሉም ከሷ ጋር እንዲጠፉ ታስብ ነበር፤ ሐሳቧን እንድትለውጥ ካግባቧት አንዷ ተዋናይቷ ሊሊያን ጊሽ ናት። የጎደሉም አሉ። «ሮዚታ» የተረፈው ሩሲያ በተገኘ የሩሲያኛ የጽሑፍ ካርድ (በትዕይንት መሀል የሚታይ ጽሑፍ) ባለው ቅጂ ሲሆን፣ ታድሶ በ2017 ቬኒስ ላይ ታይቷል። «ዜር ፈርስት ሚስአንደርስታንዲንግ» የተባለው የ1911 ፊልም ደግሞ በ2006 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ጎተራ ሲፈርስ ነው የተገኘው።

ቅጂ ስትመርጥ ሦስት ነገር እይ። አንደኛ፣ በ1920ዎቹ ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን ቆመው ሁለት ኔጋቲቭ ያወጡ ነበር፤ አንዱ ለአሜሪካ፣ ሁለተኛው ለውጭ አገር ገበያ። ለውጭ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ምርጫ የሆነው ቀረጻ ነው፤ ማዕዘኑም በትንሹ ይለያል። አንድ ትዕይንት ላይ ትወናዋ ከሌላ ቅጂ የተለየ ከመሰለህ ዓይንህ አልተሳሳተም። ሁለተኛ፣ ጭቃ የሚመስለው ከ16 ሚሊሜትር ቅጂ ቅጂ የተወሰደ ነው። ኔጋቲቩ ላይ ያለው ልስላሴ እዚያ ላይ አይገኝም፤ ሮሸርን በዚያ አትፍረድበት። ከ35 ሚሊሜትር የተወሰደ መሆኑን ገለጻው ላይ ፈልግ።

ሦስተኛው ፍጥነቱ ነው። አንድ ሺህ ጫማ ሪል 16,000 ፍሬም ይይዛል። በሰከንድ 16 ፍሬም ከታየ 16 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይወስዳል፤ በሰከንድ 24 ከታየ 11 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ። የባዮግራፍ ዘመኑ ቀረጻ ወደ 16 ይጠጋል፣ የ1920ዎቹ ግን እየፈጠነ ወደ 20 ከዚያም በላይ ሄዷል። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። የጽሑፍ ካርዱን አትመን፣ ቋሚ ነውና አይናገርም። የሚወድቅ ነገር ተመልከት፦ የፈሰሰ ውኃ፣ የተጣለ ልብስ፣ ከዝላይ የሚያርፍ ሰው። ውኃው ከተቸኮለ ቅጂው ፈጥኗል። ማጫወቻህ ፍጥነት መቀነስ ከቻለ 24 ላይ የተሠራውን የባዮግራፍ ፊልም ወደ 0.7 አካባቢ አውርደው፤ የ1920ዎቹን ደግሞ ከ0.85 ጀምረህ ውኃው እስኪስተካከል ድረስ ከፍ ዝቅ አድርገው።

አዲስ ገቢ፦

ከ«ስቴላ ማሪስ» እጀምራለሁ። በሙሉ አመሰግናለሁ።

ብርሃንና ጥላ፦

ጥሩ ምርጫ ነው። ዩኒቲ ብቻዋን መስተዋት ፊት የምትቆምበት ጋ ስትደርስ ፍጥነቱን አስተካክለህ እየው፤ እዚያ ላይ ከተጣደፈ ትወናው ይጠፋል።